«ነካኝ» ማለት

የዱላ ጨዋታ የእረኛ ነገር ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት አይመጥንም የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም። እኛም ይህን ጽሑፍ ከመጀመራችን በፊት እርስ በርሳችን ስንከራከር፥ ከጀሞ ተነሥተን ስድስት ኪሎ እስክንደርስ ድረስ መንገዱ አልበቃንም። ሆኖም በዚህ ግቢ ስለ ትልልቅ ነገር የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ ስለ ትንሽ ነገር አጥብቆ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሦስት የጀሞ ልጆች ሆነን፥ ራሳችን የገጠምናቸውን፥ ቆመን ያየናቸውንና በቴሌቪዥንና በስልክ የተመለከትናቸውን ጥቂት ግጥሚያዎች ለጓደኞቻችን እናወራለን። ሦስታችን በሁሉ ነገር አንስማማም፤ ያልተስማማንበትንም እንደዚያው ጽፈነዋል።

አስቀድመን ጨዋታውን ለማያውቀው አንባቢ እናስተዋውቅ። ምክቶሽ ማለት ሁለት ሰዎች በትር ይዘው አንዱ ሲሰነዝር ሌላው የሚመክትበት፥ መልሶም የሚሰነዝርበት ጨዋታ ነው። በገጠር ከብት ጠባቂ ልጆች በመስክ ሲውሉ ዓይናቸውንና ክንዳቸውን ያሠለጥኑበታል። አባቶቻችን ጋሻና ጎራዴ ይዘው በሚዘምቱበት ዘመን የእረኛው ዱላ የወታደርነት ፊደል ነበረ ማለት ይቻላል። ሾተል የሚባለው ሰይፋችን እንደ ማጭድ የጎበጠው በባላጋራው ጋሻ ዳር ዞሮ እንዲደርስ ነው፤ ይህን ብልሃት ያወጣ ሕዝብ መመከትን አያውቅም አይባልም። ዛሬ ጋሻው በሙዚየምና በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ዱላው ግን በልጆች እጅ ቀርቷል።

ፈረንጆችም ፌንሲንግ የሚሉት የሰይፍ ጨዋታ አላቸው። በ1888 ዓ.ም. በአቴና ከተደረገው ከመጀመሪያው የዘመናችን ኦሊምፒክ ጀምሮ ከውድድሩ ተለይቶ አያውቅም። ሰይፉ ሦስት ዓይነት ነው። በፎይል የሚነካው ደረት፥ ሆድና ጀርባ ነው፤ በኤፔ ከራስ እስከ እግር ጥፍር ሁሉም ይነካል፤ በሳብር ደግሞ ከወገብ በላይ ነው፤ በዚህኛው በጫፍ ብቻ ሳይሆን በስለቱም መምታት ይፈቀዳል። ስሙና ልብሱ ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ምክቶሽ ነው፤ መንካትና አለመነካት።

ጀሞ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሠፈር ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ከመሠራታቸው በፊት የገበሬ መሬት ነበረ። በ1990ዎቹ ማለቂያ በከተማው የኮንዶሚኒየም ሥራ ከተጀመረ በኋላ ሕንፃው እየበዛ ሄደና ጀሞ አንድ፥ ጀሞ ሁለት፥ ጀሞ ሦስት ተባለ። ቤቱ የሚሰጠው በዕጣ ስለ ሆነ ከመርካቶ የመጣው ከካዛንቺስ ከመጣው ጋር ግድግዳ ተጋራ። እኛም የዕጣ ልጆች ነን። በልጅነታችን ከሕንፃዎቹ ዳር ጥቂት የገበሬ ቤተ ሰቦች ከብቶቻቸውን ይዘው ቀርተው ነበር። አብዛኛው ግጥሚያችን የተደረገው በእነርሱ ቤትና በእኛ ፎቅ መካከል በነበረው ሜዳ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ትዝ የሚለን ግጥሚያ ግን በሜዳ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ አላስወጣን ስላለ ከሦስታችን ሁለቱ በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ገጠሙ። መሣሪያው የመወልወያ እንጨት፥ ጋሻው የእናት ሰፌድ ነበረ። ኮሪደሩ ጠባብ ስለ ሆነ ወደ ፊት መሄድና ወደ ኋላ ማፈግፈግ እንጂ ወደ ጎን መሸሽ አይቻልም። የፌንሲንግ መድረክ ርዝመቱ 14 ሜትር፥ ስፋቱ ከ2 ሜትር የማይበልጥ መሆኑን በኋላ ስናነብ ሣቅን፤ ለካ ጀሞ በየፎቁ የኦሊምፒክ መድረክ ኖሯታል። ግጥሚያው የፈረሰው ከሁለት ምት በኋላ ነው። አንደኛው ሲያፈገፍግ እትዬ ጎረቤታችን በገመድ ላይ ያሰጡትን ነጠላ ይዞ ወደቀ። እርሳቸውም ወጥተው ሰፌዱን ተቀበሉና «ጋሻችሁን እናታችሁ መጥታ ትውሰድ» ብለው በራቸውን ዘጉ። በዚያ ቀን ያሸነፈ የለም፤ የተማረከው ሰፌዱ ብቻ ነው።

እውነተኛውን ደንብ ያስተማረን ከገበሬዎቹ ልጆች አንዱ ነው። በዕድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠን ነበር። ዱላው የወይራ ነው፤ ቅቤ እየቀባ በጢስ ያጠነከረው። የእኛን የመወልወያ እንጨት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ይህ ለወለል ነው» አለ፤ ሌላ አልተናገረም። ደንቡንም በአጭሩ ነገረን። ራስና ፊት አይመታም፤ የወደቀ አይመታም፤ የተነካ «ነካኝ» ይላል፤ ሦስት ጊዜ «ነካኝ» ያለ ዱላውን መሬት ላይ ያስቀምጣል። ከእኛ አንዱ «ዳኛውስ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ በጥያቄው ተገርሞ «የተነካው ነዋ! ሌላ ማን ያውቃል?» አለ።

ይህ ነገር በዚያን ጊዜ አልከበደንም፤ ልጆች ነበርን። ዛሬ ስናስበው ግን እንግዳ ፍርድ ነው። በሌላው ዳኝነት ሁሉ ከሳሹ ይጮኻል፥ ተከሳሹ ይክዳል፥ ሦስተኛው ሰው ይፈርዳል። በምክቶሽ ግን መቺው ዝም ይላል፤ የሚፈርደው የሚጎዳው ሰው ነው፤ የሚፈርደውም በራሱ ላይ ነው።

አሁን ከሁሉ አብልጠን ወደምናስታውሰው ግጥሚያ እንምጣ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ 12 ቀን፥ የቡሄ ዋዜማ ነበረ። እንደ ልማዱ ልጆች ዱላቸውን እየደቁ ሆያ ሆዬ ለማለት ተሰብስበዋል። በሠፈራችን ሁለት ቡድን ነበረ፤ አንዱ የፎቅ ልጆች፥ ሁለተኛው የገበሬዎቹ ልጆችና ጓደኞቻቸው። ሁለቱም በዋናው መንገድ ዳር ያሉትን ብሎኮች ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱም እዚያ ሱቅ ይበዛል፥ የሚሰጥ እጅም ይበዛል። ክርክሩ ወደ ጠብ ሲያመራ ያ ልጅ ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ይግጠም፥ ሦስት ጊዜ የተነካ ብሎኮቹን ይልቀቅ አለ። ከእነርሱ ወገን እርሱ ራሱ ወጣ። ከእኛ ወገን የወጣው ይህን ከሚጽፉት ከሦስታችን አንዱ ነው።

መሬቱ ጭቃ ነበረ። ብርሃኑ ከሱቆቹ የሚመጣው ብቻ ነው። የእኛው ሰው በቁመቱ ይረዝማል፤ ልጁ ግን እግሩን አያንቀሳቅስም፥ ትከሻውን ብቻ እያዞረ ምቱን ሁሉ በዱላው መካከል ይቀበለዋል። መጀመሪያ የእኛው ሰው በክንዱ ላይ ተነካ፤ «ነካኝ» አለ። ቀጥሎ ልጁ በጎኑ ተነካ፤ እርሱም አለ። እንዲህ እያሉ ሁለት ለሁለት ሆኑ። በመጨረሻው የእኛው ሰው ዝቅ ብሎ ወደ እግር ሰነዘረ። ልጁ ዱላውን አውርዶ መከተ፤ እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ ጮኸ። ሁለቱም ወገን «ተመከተ!» ብለን ጮኽን። ሰንዛሪውም እንደ ተመከተ ስላመነ ለሌላ ምት ዱላውን አነሣ።

ልጁ ግን ዱላውን ዝቅ አድርጎ «ነካኝ» አለ።

«የት?» ብለው ጓደኞቹ ጮኹበት። ሱሪውን ሰብስቦ አሳያቸው፤ ከጉልበቱ በታች ቀይ ምልክት እንኳ አልነበረም። «ጫፉ ነካኝ፤ እኔ አውቃለሁ» አለና ዱላውን ጭቃው ላይ አስቀመጠ። ክርክሩ በዚያ አለቀ። እኛ በመንገዱ ዳር ብሎኮች እየዞርን ጨፍረን 320 ብርና አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ሙልሙል ሰበሰብን። የእርሱ ቡድን ሰው ገና ወዳልገባባቸው ብሎኮች ሄዶ ባዶ በር ሲያንኳኳ አመሸ። ጓደኞቹ እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ አኮረፉት። አንዱማ «ላንተ እውነት እኛ ለምን እንራብ?» እንዳለው ሰምተናል። ይህ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ሌላ ልጅ አሰለፈ። ይህኛው ብርቱ ነበረ፤ በትከሻው ላይ ሁለት ጊዜ ሲነካ ሁላችንም አይተናል፥ እርሱ ግን «አልነካኝም» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጓደኞቻችን ልብ ብለው ይመልከቱልን። «ነካኝ» የሚል ቃል በማይገኝበት ጊዜ ቀስ ብሎ መንካት ከንቱ ሆነ። ምት የሚታመነው ሊካድ የማይችል ሲሆን ብቻ ነው፤ ሊካድ የማይችለው ደግሞ የሚያብጥና የሚሰበር ነው። ስለዚህ ዱላው ከበድ፥ ክንዱ ሰፋ እያለ ሄዶ በዚያው ምሽት የአንድ ልጅ ጣት ተሰበረ። ወላጆች ወጡ፥ ጥበቃዎች ዱላውን ሰበሰቡ፥ ምክቶሽ በሠፈራችን ተከለከለ። ጨዋታውን የገደለው ዱላ አይደለም፤ አንዲት ቃል መታጣቷ ነው። ያ የወይራ ዱላ ባለቤት ከቤተ ሰቡ ጋር ከጀሞ ለቆ ሄደ። ወደ ሰበታ በኩል ነው ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

በአገራችን ሁሉ ደንቡ እንደዚህ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት የሱሪ ሰዎች ዶንጋ በሚባለው ግጥሚያቸው ረጅም ዱላ ይዘው በብርቱ ይማታሉ፤ ነገር ግን ዳኞች አሏቸው፥ ባላጋራን መግደልም የተከለከለ ነው። የገና ጨዋታ ደግሞ ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ የሚጋጩበት፥ ጌታም ቢመታ የማይቆጣበት ቀን ነው። እያንዳንዱ ሕዝብ የዱላን ቁጣ የሚያስርበት የየራሱን ገመድ ፈትሏል፤ አንዱ በዳኛ፥ አንዱ በበዓል፥ አንዱ በተመታው ሰው አፍ።

በፌንሲንግም ጥንት የነበረው የዚያ ልጅ ደንብ ነው። የተነካው ሰው በፈረንሳይኛ «ቱሼ» ይላል፤ «ተነካሁ» ማለት ነው። ኋላ ግን የሰው ቃልና የዳኞች ዓይን አልበቃ ብሎ ኤሌክትሪክ መጣ። በኦሊምፒክ በኤፔ በ1928 ዓ.ም. በርሊን ላይ፥ በፎይል በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፥ በሳብር በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ተጀመረ። የኤፔ ጫፍ 750 ግራም በሚያህል ግፊት ሲጫን መብራት ይበራል፤ ሁለቱ ተጋጣሚዎች በአንድ ሰከንድ ሃያ አምስተኛ ክፍል ውስጥ ቢነካኩ ለሁለቱም ይቆጠራል። የሰው ዓይን ይህን አይደርስበትም።

ታዲያ መብራቱ አይዋሽም ወይ? በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ኦሊምፒክ፥ ሰይፍ፥ ዋና፥ ተኩስ፥ ፈረስና ሩጫ ባንድነት ይደረጉበት በነበረው በዘመናዊ ፔንታትሎን ውድድር፥ የሶቪየት ኅብረቱ ቦሪስ ኦኒሽቼንኮ ከብሪታንያው ጂም ፎክስ ጋር ገጠመ። ኦኒሽቼንኮ ከአራት ዓመት በፊት በሙኒክ የብር ሜዳልያ ያገኘ ዝነኛ ሰው ነው። ፎክስ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሰይፉ ሳይነካው መብራቱ በራ። ፎክስ አልተነካሁም ብሎ ተከራከረ። ሰይፉ ሲመረመር በእጀታው ውስጥ ባለቤቱ ሲፈልግ የሚያበራው ማብሪያ ተደብቆበት ተገኘ። ኦኒሽቼንኮ ከውድድሩ ተባረረ፤ በቡድን የወርቁን ሜዳልያ የወሰደችው ብሪታንያ ሆነች። እነሆ «አልነካኝም» ያለው ሰው እውነተኛ፥ መብራቱ ሐሰተኛ የሆነበት ቀን።

ሁለተኛው በፊልም ያየነው ግጥሚያ በሐምሌ 23 ቀን 2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ የተደረገው የሴቶች ኤፔ ነው። የደቡብ ኮሪያዋ ሺን ኤ ላም ከጀርመኗ ብሪታ ሃይደማን ጋር አምስት ለአምስት ሆነው አንድ ሰከንድ ቀርቷል። በተጨማሪው ደቂቃ ቅድሚያው የሺን ስለ ነበረ ሰከንዷ ብታልቅ ለፍጻሜ ታልፋለች። ሃይደማን ተወረወረች፤ ሰዓቱ አንድ ሰከንድ ይላል። ደግማ ተወረወረች፤ አሁንም አንድ ሰከንድ ይላል። በመጨረሻ ነካቻትና ድሉ የሃይደማን ሆነ። ሺን አቤቱታዋ እስኪታይ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል በመድረኩ ላይ እያለቀሰች ተቀመጠች፤ ከዚያ ብትወርድ ውጤቱን እንደ ተቀበለች ይቆጠርባት ነበር። አቤቱታው ውድቅ ሆነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ከአገሯ ቡድን ጋር የብር ሜዳልያ አገኘች። በማግስቱ፥ ሐምሌ 24 ቀን፥ የግብጹ አላኤልዲን አቡልቃሲም በፎይል ፍጻሜ በቻይናው ሌይ ሼንግ 15 ለ13 ተሸንፎ፥ አፍሪካ በፌንሲንግ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ አግኝታለች።

ሦስተኛውን ያየነው በዚያው ቀን፥ በጀሞ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበረ፤ የፓሪስ ኦሊምፒክ። የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ የሩጫውን ቀን ይጠብቃል እንጂ ሰይፍ የሚያይ አልነበረም። የግብጿ ናዳ ሐፌዝ በሳብር አሜሪካዊቷን ኤልሳቤጥ ታርታኮቭስኪን 15 ለ13 አሸነፈች፤ ቀጥሎ በደቡብ ኮሪያዋ ጄዮን ሃ ዮንግ 15 ለ7 ተሸነፈች። እኛም ተሸነፈች ብለን ሻያችንን ከፍለን ወጣን። ኋላ ግን የሰባት ወር እርጉዝ እንደ ነበረች ራሷ ለዓለም ተናገረች። ከመድረኩ ጋር የተያያዘው ኤሌክትሪክ ሁሉ የማያውቀውን እርሷ ታውቀው ኖሯል።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንግባ። ከሦስታችን የምሕንድስናው ተማሪ መብራቱን ይደግፋል። «እውነተኛው ልጅ ምን አተረፈ?» ይላል። «እውነት በመናገሩ ጓደኞቹ ባዶ በር አንኳኩ፤ የካደው ልጅ ግን አልተሸነፈም። መብራት ቢኖር ሁለቱም እኩል ይታዩ ነበር። ማሽን የሚያስፈልገው ለውሸታሙ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው ብቻውን እንዳይከፍል ነው።» ይህ ነገር ክብደት አለው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በሐቅ ያጠና ተማሪ በዚያ ጥበቃ አልተጎዳም፤ ይልቁንም ተከበረ።

የሕጉ ተማሪ ግን እንዲህ ይመልሳል። «መብራቱ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ምስክርም በእጀታው ውስጥ ሊገዛ ይችላል። ጥበቃ ባለበት ቦታ ሁሉ እውነተኛ የሆነ ሰው፥ ጥበቃው ሲነሣ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ነገ ተመርቀን ሐኪም፥ ሒሳብ ሹም፥ መሐንዲስ ስንሆን ስሕተታችንን ከእኛ በቀር ማንም የማያየው ቀን ይመጣል። በኮንክሪቱ ውስጥ የጎደለው ብረት መብራት አያበራም።»

ሦስተኛችን ያንን የቡሄ ምሽት የገጠመው ነው። እርሱ ከሁለቱም ወገን አልቆመም። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ዕለት ባያሸንፍ ይመርጥ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ተጠይቋል፤ አይመርጥም። ድሉ ሙሉ ነው ይላል፥ ምክንያቱም በአሸናፊው ጩኸት ሳይሆን በተሸናፊው ቃል የተሰጠ ነውና። ከዚያ ወዲህ ያሸነፋቸውን ጨዋታዎችና ክርክሮች ሁሉ በዚያ ይለካቸዋል፤ አብዛኞቹም ያንሱበታል።

እኛ ሦስታችን የተስማማንበት ይህን ያህል ነው። መብራቱ ይኑር፥ ፈታኙም ይቁም፤ ለእውነተኛው ጥላ ነውና። ነገር ግን መብራት የማይደርስበት ሜዳ ከመድረኩ ይልቅ ሰፊ ነው። በዚህ ግቢ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስንከራከር፥ የባላጋራችን ነገር ልባችን ድረስ ገብቶ ሳለ «አልነካኝም» እያልን ስንት ሌሊት አምሽተናል ብሎ እያንዳንዱ ጓደኛችን ይቁጠር። ያልታመነ ቃል ደግሞ እየጠነከረ፥ እየከበደ ሄዶ በመጨረሻ ጣት ወደሚሰብር ዱላ እንደሚለወጥ በሠፈራችን አይተናል። «ላንተ እውነት እኛ ለምን እንራብ?» ላለው ልጅ የምንሰጠው መልስም ይኸው ነው፤ በዚያ ዓመት የተራበው አንድ ቡድን ነበረ፥ በሚቀጥለው ዓመት ግን ጨዋታው ለሁሉም ቀረ።

ምክቶሽ መማር የሚወድ ተማሪ ቢኖር ዱላ ይዞ በግቢው በር መግባት ስለማይፈቀድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ጀሞ ይምጣ። ወፍራም ዱላ አያስፈልግም፤ ልምጭ ይበቃል። ዳኛ አናቆምም።